ስለ ወሎ መሶብና ስለ ሰፊዪቱ ስም

ስለ ሥዕልና ስለ ቅኔ በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ስፌት ግን «ያማረ ነው» ከሚለው ቃል በቀር የረባ ሒስ ሲጻፍ አይታይም። ይህም የሆነው ስፌት የሴቶች የቤት ሥራ እንጂ ጥበብ አይደለም ተብሎ ስለ ተቈጠረ ይመስለኛል። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ገበያ መሶብ የሚገዛ ሰው ቀለሙን አይቶ ዋጋ ይከራከራል እንጂ ገልብጦ አያየውም። መሶብ ግን መመርመር ያለበት ከግርጌው ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ስንደዶና አክርማ የሚባሉት ሣሮች በክረምት መውጫ ይለቀማሉ፤ ደርቀው ከተመረጡ በኋላ ለጌጥ የታሰበው በቀለም ተነክሮ አለላ ይባላል። ሰፊዪቱ ጥቂት ሣር እንደ ገመድ አድርጋ ይዛ፥ በሰበዝ እየጠቀለለችና በወስፌ እየበሳች ካለፈው ዙር ጋር ታያይዘዋለች። ሥራው ከመካከል ካለችው ትንሽ እምብርት ጀምሮ እየዞረ ይሰፋል። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ስለሚረዝም፥ ጌጡም ከዙሩ ጋር ተመጣጥኖ እየሰፋ መሄድ አለበት። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ የጀመረች ሴት፥ ከብዙ ዙር በኋላ ስምንቱም ጫፎች እኩል ተራርቀው እንዲወጡ ከእምብርቱ ላይ ሳለች ታስባለች። ወረቀት የለ፥ ማስመሪያ የለ። ቍጥሩ ከተዛባ የመጨረሻው ጫፍ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ ለማረምም እስከ ስሕተቱ ድረስ መፍታት ግድ ነው። ይህ ሒሳብ እንጂ የእጅ ልማድ ብቻ አይደለም።

በዚህ ዐይን ሲታይ፥ ለእንግዳ መሸጫ ተብሎ በጥድፊያ ከሚሰፋው መሶብ ብዙው ደካማ ነው። ጥቅሉ ወፍራም፥ ስፌቱ የተራራቀ ሲሆን ወደ ብርሃን ቢያነሡት እንደ ወንፊት ያሳያል፤ ድካሙንም ለመሸፈን ቀለም ይበዛበታል። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ የሚገኙትን መልካም መሶቦች የተመለከተ ሰው ግን ጥቅላቸው የቀጠነ፥ መስካቸው በሣሩ በራሱ ወርቃማ መልክ የተተወ፥ አለላውም በቦታው ብቻ የገባ መሆኑን ያስተውላል። ሰፊዎቹን አልወቅስም። ገዢው ለጠባብ ስፌት ተጨማሪ ዋጋ ካልከፈለ፥ ሴቲቱ ለማን ብላ ዐይኗን ታጥፋ?

ነገሩን ያበላሸው ሌላም አለ፤ የሠሪዋ ስም መጥፋት ነው። በመንደሯ ሳለች ሥራዋ ይታወቃል፤ ጎረቤት ሙዳዩን አይቶ «ይህስ የእገሊት እጅ ነው» ይላል። ነጋዴ እጅ በገባ ጊዜ ግን ስሟ ከዚያው ይቀራል፤ ከተማ ሲደርስ «የወሎ መሶብ» ብቻ ይሆናል። መሶብ የጋራ ባህል ስለ ሆነ ስም አያሻውም የሚሉ አሉ። ብራና የሚጽፉ አባቶቻችንስ? መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ ብዙዎቹ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስማቸውን ጽፈው ጸሎት ይለምናሉ፤ ማንም ትዕቢት ነው አላላቸውም።

ከእኛ ርቀው በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ናቫሆዎችም በጥቅል የሚሰፋ ቅርጫት አላቸው፤ ለሠርግና ለጸሎት ሥርዐት ይገለገሉበታል። በቀዩ ቀለበት መካከል አንዲት ክፍት መንገድ ይተዋሉ፤ የከንፈሩም መጨረሻ ከዚያችው መንገድ ፊት ለፊት ያርፋል። የሚገርመው፥ ከነዚህ ቅርጫቶች ብዙዎቹን ሲሰፉላቸው የኖሩት ጎረቤቶቻቸው ዩቶችና ፓይዩቶች ናቸው። እንግዲህ ገዢ «የናቫሆ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ቢቀር ኖሮ እጁ የማን እንደ ሆነ ባልታወቀም ነበር። ዛሬ ግን ዕቃ ሰብሳቢዎች ማን ሰፋችው ብለው ይጠይቃሉ፤ ዋጋውም በመልሱ ይወጣል ይወርዳል። ሜሪ ሆሊዴይ ብላክ የተባሉት የዩታ ናቫሆ በዚህ ሙያቸው እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበበኞች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ተቀብለዋል።

ይህ ለክብር ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። የተሰረቀ ዕቃ ከሌላ አገር ገበያ ተገኝቶ ይመለስልን ለማለት መታወቂያ ያስፈልጋል። የብራና መጽሐፍ የጸሐፊውና የባለቤቱ ስም ይመሰክርለታል። ስም የሌለው መሶብ ግን ከሌላው መሶብ በምን ይለያል? ጠያቂም ሆነ መላሽ የለውም።

ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የባህል ሠራተኞችና መምህራን አንድ ቀላል ሥራ ቢጀምሩ እወዳለሁ። መሶብ ሲገዛ ወይም ለኤግዚቢሽን ሲቀርብ፥ የሰፊዪቱ ስም፥ ቀበሌዋና የተሰፋበት ዓመት በትንሽ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ከመቀመጫው ሥር ይሰፋ፤ ያው ጽሑፍ ከመሶቡ ፎቶግራፍ ጋር በመዝገብ ይቀመጥ። ተማሪዎችም በክረምት ወደየመንደራቸው ሲመለሱ ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ጠይቀው፥ በቤት ያለውን እያንዳንዱን ሙዳይና ሌማት ማን እንደ ሰፋው ሊጽፉ ይችላሉ፤ አያቶቹ በሕይወት ሳሉ።