ኤምዲኤን እንዴት ታደሰ? ስለ ፕሮግራም ጸሐፊዎች መምሪያ የቀረበ ሂስ

ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቅኔና ስለ ቴአትር ሂስ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ አንድ የኮምፒዩተር መምሪያ ሂስ ስናቀርብ ግን አንዳንድ አንባብያን «ደግሞ ይኸም ይተቻል?» ይሉን ይሆናል። ይተቻል እንላለን። ከመካከላችን ፕሮግራም መጻፍ የሚማረው ተማሪ በዓመት ውስጥ የሚያነበው ልብ ወለድ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። የኤምዲኤንን ገጾች ግን በየቀኑ ያነባል፤ ያነበበውንም ሳይጠራጠር ወደ ሥራው ይገለብጠዋል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ጉዳቱ በአንባቢው ላይ ብቻ አይቀርም፤ አንባቢው በሠራው ነገር ውስጥ ገብቶ እርሱ ወደማያውቃቸው ሰዎች ይሄዳል።

ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። ኤምዲኤን የኢንተርኔት ገጾች የሚሠሩባቸውን ኤችቲኤምኤልን፣ ሲኤስኤስንና ጃቫስክሪፕትን ቃል በቃል እየዘረዘረ የሚያስረዳ፣ በነጻ የሚነበብ ድረ ገጽ ነው። የሚያስተዳድረው ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘር የሚሠራው ሞዚላ ነው። ሥሩ ግን ከሞዚላ አይጀምርም። ኔትስኬፕ ዴቭኤጅ የሚባል መምሪያ ነበረው፤ ኔትስኬፕን የገዛው ኤኦኤል ይህንን መምሪያ በ2004 ዘጋው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሞዚላ ከኤኦኤል ፈቃድ ተቀብሎ ጽሑፎቹን በ2005 በአዲስ ስም አወጣቸው፤ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ሊያርማቸው በሚችል ዊኪ ላይም አኖራቸው።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን እድሳት ስንመረምር አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን እንሄዳለን፤ ይኸውም በገጹ ላይ የተጻፈው ነገር ስሕተት ሁኖ ቢገኝ ኃላፊው ማነው? የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ስለ ድረ ገጽ መታደስ ሲያወሩ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፊደሉ መጠንና ስለ አርማው ያወራሉ። ይህም ቢሆን ከንቱ ነው አንልም። በማርች 2022 ኤምዲኤን መልኩን ሲለውጥ በሌሊት ለሚያነብ ሰው ጥቁር ገጽ መጨመሩ ለዓይናችን ረድቶናል፤ ከዚያም አያልፍም። በዚያው ወር የመጣው ገንዘብ የሚከፈልበት አባልነትም ዋናውን ጽሑፍ በነጻ ከማንበብ ስላልከለከለን ክርክር አናነሣበትም።

ክርክሩ ያለው በ2020 በተደረገው ለውጥ ላይ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ኤምዲኤን ዊኪ ነበር። አንባቢው ስሕተት ሲያይ ወዲያው ያርማል፤ ያረመውም ወዲያው ይታያል። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት መልካም ፍሬ ሰጥቷል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው (ያውም ስለ ድር በሚናገር ድረ ገጽ ላይ!) ከየአገሩ የተሰበሰበ እጅ አንድ ድርጅት ብቻውን የማይችለውን መዝገብ ሠርቷል። የሥራውም መጠን እንዲህ ነበር፤ በኦክቶበር 2017 ማይክሮሶፍት፣ ጉግል፣ ሳምሰንግና የደብሊው ሦስት ሲ ማኅበር የኤምዲኤን አማካሪ ቦርድ አባሎች ሲሆኑ፣ ማይክሮሶፍት የራሱን ከ7,700 የሚበልጡ ገጾች ትቶ አንባብያኑን ወደ ኤምዲኤን መራ። ተፎካካሪዎች የየራሳቸውን መምሪያ ትተው በአንድ መዝገብ መስማማታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ቀደም በ2012 ከእነዚሁ አንዳንዶቹና ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ዌብ ፕላትፎርም ዶክስ የሚባል የጋራ መምሪያ ጀምረው ነበር፤ በ2015 ቆመ። ሁለቱን ስናስተያይ የምናየው፣ ስም ያላቸው ድርጅቶች መሰብሰባቸው ብቻ መምሪያ እንደማያቆም ነው። የኤምዲኤን ጥቅሙ አስቀድሞ የተጻፈና የታረመ ጽሑፍ መኖሩ ነበር።

ሆኖም ማንም የሚያርመው ጽሑፍ ማንም የሚያበላሸውም ነው። አንድ ሰው ዛሬ ያረመውን ሌላው ነገ ሳያነብ ሊለውጠው ይችላል፤ ለውጡንም ከመታየቱ በፊት የሚመረምር ዳኛ የለም። በዲሴምበር 2020 ዊኪው ቀረና ጽሑፉ በሙሉ ወደ ጊትሀብ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ማረሚያ ያለው ሰው ሐሳቡን ያቀርባል፤ ሌላ ሰው ያነበዋል፤ ይጠይቀዋል፤ ከተስማሙ በኋላ ይገባል። ይህን አሠራር ከኛ አገር የብራና ጸሐፊዎች ልማድ ጋራ ብናስተያየው አይጎዳም። የተገለበጠው ጽሑፍ በሚያውቅ ሰው ፊት ተነቦ ይታረማል እንጂ ጸሐፊው ብቻውን «ጨረስኩ» ብሎ አይዘጋውም።

ዊኪው መቅረቱን የነቀፉ ነበሩ። ጊትሀብን መልመድ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የሚያርሙት ሰዎች ያንሳሉ የሚል ነበር ክርክራቸው። እውነት አለው። እኛ ግን ለውጡን እንደግፋለን። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ፣ የኢንተርኔት መስመሩም በየሰዓቱ የሚቋረጥበት ተማሪ አንዱን ገጽ ከሌላው ጋራ እያመሳከረ እውነቱን ለመለየት ጊዜም አቅምም የለውም። ለእርሱ አሥር ሰው የነካካው ገጽ ከሚሰጠው፣ አንድ ሰው ጽፎት ሌላው ያነበበው ቢሰጠው ይሻላል።

ለውጡ የመጣበት ጊዜ ግን አያስመሰግንም። ሞዚላ በኦገስት 2020 ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ሠራተኞቹን አሰናብቶ ነበር፤ ከነሱም ውስጥ የኤምዲኤን ጸሐፊዎች ነበሩባቸው። ተመልካች የሚያስፈልገው አሠራር የተጀመረው ተመልካቾቹ ከሄዱ በኋላ መሆኑ ነው። ጉድለቱን በከፊል የሞላው በጃንዋሪ 2021 የተቋቋመው ኦፕን ዌብ ዶክስ ነው። ይህ ማኅበር ከጉግል፣ ከማይክሮሶፍት፣ ከኮይልና ከኢጋሊያ ገንዘብ ተቀብሎ ጸሐፊዎችን መቅጠር ጀመረ። መዝገቡ የዳነው በመሣሪያው መለወጥ ነው የሚሉ ካሉ፣ ለጸሐፊዎቹ ደመወዝ ባይገኝ ኖሮ መሣሪያው ምን ያነብ ነበር? ብለን እንጠይቃቸዋለን።

በዚሁ እድሳት ብዙ የተከፈለበት ነገር ቋንቋ ነው። በዊኪው ዘመን ኤምዲኤን በብዙ ቋንቋዎች የተተረጐሙ ገጾች ነበሩት። ከ2020 ለውጥ ጋራ ትርጉሞቹ ሁሉ ታገዱ፤ በ2021 የሚጠብቃቸው የበጎ ፈቃድ ቡድን የተገኘላቸው፣ ለምሳሌ ፈረንሳይኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ሩስኛና ቻይንኛ፣ እንደገና ሲከፈቱ አብዛኞቹ ተነሥተው ቀሩ። ነገሩን ፊት ለፊት ስናየው ትክክል ነው። ዋናው ገጽ በየወሩ ሲታረም ከስምንት ዓመት በፊት የተተረጐመው እንደ ቆመ ቢቀር፣ በገዛ ቋንቋው የሚያነበው ሰው ከሌላው ይልቅ ይሳሳታል። ያረጀ ትርጉም ከሌለው ይልቅ ይጎዳል። ነገር ግን የተወሰደው ውሳኔ ትክክል መሆኑና ውጤቱ የሚያሳዝን መሆኑ አይጣሉም። ጠባቂ የሚያገኘው ቋንቋ አስቀድሞ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊ ያለው ቋንቋ ነው፤ መምሪያው በቋንቋው ስለሌለ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊ ያላፈራው ቋንቋ ደግሞ ጠባቂ አያገኝም። አማርኛ ከተረፉት መካከል የለም።

አሁን ከሁሉ የከፋ ነው ወደምንለው እንምጣ። በ2023 ክረምት በኤምዲኤን የኮድ ምሳሌዎች ላይ «ኤአይ ኤክስፕሌይን» የሚል ቁልፍ ታየ። አንባቢው ሲጫነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምሳሌውን በራሱ ቃል ያብራራለታል ተባለ። ወዲያውም አንባብያን ማብራሪያው የተሳሳተባቸውን ቦታዎች እያወጡ በጊትሀብ ላይ ተቃውሞ አቀረቡ፤ ቁልፉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ። ሌላው «ኤአይ ሄልፕ» የተባለው መጠየቂያ ግን በዚያን ጊዜ አልተነሣም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ስሕተት የሌለበት መምህር የታለ?» ብለው ይከራከሩናል። እኛ የምንነቅፈው መሣሪያው መሳሳቱን አይደለም። ከሁለት ዓመት በላይ «ሰው ያላነበበው መስመር እዚህ ገጽ ላይ አይገባም» በሚል ሥርዓት የተመራ መዝገብ፣ ማንም ያላነበበውን መስመር በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊደልና በዚያው ስም ሥር ማቅረቡን ነው። አንድ ፈረንጅ ተማሪ የኮምፒዩተር ቋንቋ አስተካክሎ የማያውቅ ከሆነ ማብራሪያውን ከጽሑፉ ሊለየው አይችልም፤ የኛም እንደዚሁ። ማብራሪያውን የሚፈልገው ነገሩን የማያውቀው ሰው ነው፤ ስሕተቱን ሊያይ የሚችለው ደግሞ ማብራሪያው የማያስፈልገው ሰው ነው። እንግዲህ ቁልፉ የተዘረጋው በትክክል ለሚጎዳው አንባቢ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ ሲተያይ የብራውዘሮች ሰንጠረዥ መታደሱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ቀድሞ አንድ ቃል በየትኛው ብራውዘር እንደሚሠራ የሚያሳየው ሰንጠረዥ በየገጹ በእጅ ይጻፍ ነበር። ኋላ ግን መረጃው በሙሉ በአንድ የጋራ ማኅደር ተከማችቶ ገጾቹ ከዚያ እንዲቀዱ ተደረገ፤ አንድ ቦታ የታረመው በሁሉም ዘንድ ይታረማል፤ ካን አይ ዩዝ የተባለው ሌላው ድረ ገጽም ከዚሁ ይወስዳል። በዚያም ላይ ቤዝላይን የሚል ምልክት ተጨምሯል። አንድ ነገር በክሮም፣ በኤጅ፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ሁሉ መሥራት ከጀመረ በኋላ ሠላሳ ወር ሲሞላው «በሰፊው የሚገኝ» ይባላል። ሠላሳ ወር ለኛ አገር ያንሳል ብለን እናስባለን፤ አሮጌ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍበት ቦታ ብራውዘሩም አብሮ ያረጃል። ግን መለኪያው የታወቀ ስለ ሆነ ልንከራከረው እንችላለን። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘን ይህ ነው።

ስለ ራሳችን ነገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መጻፍ ይችላል። በኤምዲኤን የዘመን አቆጣጠሮች ዝርዝር ውስጥ ሁለት ስሞች እናገኛለን፤ «ኢትዮፒክ» ዓመተ ምሕረትን፣ «ኢትዮኤኤ» ዓመተ ዓለምን የሚከተሉ ናቸው። የተሰጣቸው መግለጫ አንድ አንድ አጭር መስመር ነው። ለሚያውቀው ይበቃል። አገሩን የማያውቀው ፕሮግራም ጸሐፊ ግን ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር መሆኑን፣ ጳጉሜም አንድ ጊዜ አምስት፣ አንድ ጊዜ ስድስት ቀን እንደምትሆን ከዚያ መስመር አይረዳም። ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በክፍል ልምምድ ላይ ከመካከላችን አንዱ የሕፃናት መመዝገቢያ ቅጽ ሲሠራ የወሮቹን ዝርዝር በአሥራ ሁለት ዘጋው፤ በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን የሚመዘገብበት ቦታ አልነበረውም። ሠሪው ኢትዮጵያዊ ሁኖ ሳለ! ከባሕር ማዶ የሚሠራው ምን ያድርግ?

በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። አንባቢው ቀኑ ቅርብ ከሆነ ገጹን ያምነዋል። ነገር ግን ይህ ቀን የተነካበት እንጂ የተመረመረበት አይደለም፤ አንድ ሰው የአንዲት ቃል ፊደል ቢያርም የገጹ ሁሉ ቀን ይታደሳል። ለሚመጣው እድሳት የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ቀን እንዲጻፍ ነው፤ አንዱ የተለወጠበት፣ ሌላው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ «ዛሬም እውነት ነው» ያለበት። ሁለተኛው ቀን በብዙ ገጾች ላይ ሩቅ ሁኖ ቢገኝ ያሳፍራል ተብሎ ይፈራ ይሆናል፤ ቢያሳፍርም ይጻፍ።

እኛ በበኩላችን ጳጉሜን የሚመለከት የሦስት መስመር ማረሚያ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተናል። ወደ ጊትሀብ ከመላካችን በፊት መምህራንና ተማሪዎች እንዲያዩት በሚመጣው ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስሕተት ያገኘ ሰው በእርሳስ ከጎኑ ይጻፍበት።