የሰዶም ታሪክና «ማወቅ» የሚለው ቃል

እንግሊዛዊው ካህን ዴሪክ ሸርዊን ቤይሊ በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 የተጻፈው የሰዶም ሰዎች በደል እንግዳን ማዋረድ እንጂ ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገው ሩካቤ አይደለም ብለዋል። ዋናው ማስረጃቸው «ያዳዕ» የተባለው የዕብራይስጥ ግሥ ነው። ይህ ግሥ እንደ አማርኛው «ማወቅ» ሁለት ፍች ስላለው፥ የከተማይቱ ሰዎች የፈለጉት የእንግዶቹን ማንነት መመርመር ብቻ ነው ይላሉ።

ግሡ በብዙ ስፍራ ተራውን ዕውቀት ማመልከቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃል የሚፈታው በቈጠራ ሳይሆን በአገባቡ ነው። በቍጥር 8 ሎጥ ወንድ ያላወቁ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ሲያነሣ ያው ግሥ ይመለሳል፤ በዚያ ስፍራ ፍችው አያከራክርም። በመሳፍንት ምዕራፍ 19 የተተረከው የጊብዓ ነገርም በዚሁ ቃል ተጀምሮ በአንዲት ሴት መደፈርና ሞት ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ የቤይሊ ድካም ከንቱ አይደለም። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 የሰዶምን ኀጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፥ ጥጋብንና ድኻን አለመርዳትን አስቀድሞ፥ ርኵሰትን ከዚያ በኋላ ያነሣል። የዘፍጥረቱም ታሪክ የሚናገረው በሰው ቤት በተጠጉ እንግዶች ላይ ስለተነሣ የሕዝብ ግፍ ነው። ቤይሊ የግሡን ፍች ሳይክዱ፥ ይህ ግፍ ብቻውን በበቃቸው ነበር። በፈቃድ ስለሚደረገው ግንኙነት የሚከራከር ተርጓሚ ግን ሰዶምን ትቶ ወደ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 18ና 20 መሄድ አለበት።