ቮልስዋገኗ ከተገለበጠች በኋላ

ስለ አበበ ቢቂላ ስናወራ ድምፃችን ከፍ የሚለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ። ከዚያ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኑ ተገለበጠችበት እንልና፣ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ቀብሩ ላይ ዘው እንላለን። በመሐሉ አራት ዓመት ተኩል አለ እኮ!

የራስላስ ላቀውና የዴቪ ፍራንክል «አትሌቱ» (እ.ኤ.አ. 2009) ይህን ዘመን ስላልዘለለው ደግ ፊልም ነው። ሯጩን እግሩ እምቢ ካለው በኋላም ያሳየናል። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ኖርዌይ፣ በረዶ፣ የተንሸራታች ውድድር፣ እንደገና ድል! የተጎዳ ሰው ታሪክ ካላሸነፈ አያልቅም ያለው ማነው?

ከፊልሙ ይልቅ የሚያስተቸው ግን የራሳችን አተራረክ ነው። አበበ ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ መቀበሉን እናወድሳለን። ደግ። ያ ጽናት የት እንደተሠራ ግን አንጠይቅም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታክሟል። መጀመሪያ እጆቹም አይታዘዙለትም ነበር። ዶክተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት የአከርካሪ ክፍል ስፖርትን እንደ መድኃኒት ይቆጥር ነበር፤ ታካሚው በቀስት ዒላማ ይመታል፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታል። ከሁሉም በላይ ግራ ቀኙ የተኛው እንደሱው አከርካሪው የተመታ ሰው ነው። ከአልጋ መውረድ የሚፈራው፣ ትናንት የወረደውን ያያል።

ይህን ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ፤ አበበም የዚያው ልጅ ነው። አንኮበር ሥር ባለችው አሊዩ አምባ ከዛፍ ወድቆ ወይም ከአይሱዙ ላይ ተፈናጥሮ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ጠያቂ አያጣም። ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርህ»፣ ሙስሊሙ «አላህ ያሽርህ» ይለዋል፤ ቡና ይፈላል። በሽተኛው ግን ሽንቱ ሳያውቀው እንዳያመልጠው እየተሳቀቀ ቡናውን አይጠጣም። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ መሬቴን ማን ያርሰዋል? ሚስቴ እስከ መቼ ትችለኛለች? ገላዬ ቢቆስልስ? ደፍሮ ቢናገረው «ኧረ አታማር፣ ነፍስህ ተርፋለች» ይባላል። ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ «ተጽናና» ይሉታል።

«ዊልቸር ይሰጠው» የሚል በጎ አድራጊ መቼም አይጠፋም። ይሰጠው፤ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ያለውን ዳገት ያየ ሰው ግን እስከ የት እንደሚያደርሰው ያውቃል። ከዊልቸሩ በፊት እንደሱ የተመታ፣ ዓመት ሁለት ዓመት የቀደመው አንድ ሰው፣ ከደብረ ብርሃንም ቢሆን መጥቶ አጠገቡ ቢቀመጥና ስለ ሽንቱ ሳያፍር ቢያወራው፣ ያን ቡና ይጠጣው ነበር።