ሥራ ሲይዝ የሚረጋ እጅ

ቀኝ እጄ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ሲፈታ ነው። ጭኔ ላይ ሳሳርፈው፣ ወይም ምንባብ ሲነበብ ተቀምጬ ስሰማ፣ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ የማይታይ መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስል ይፋተጋሉ። ጽዋ ላነሣ ስዘረጋው ግን ይረጋል። ሐኪሙ "የፓርኪንሰን ጠባይ ነው፤ ያረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚሠራ እጅ ይረጋል" ሲለኝ፣ "እንግዲያው በሽታው ሰነፍ አይወድም" ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም። ጽዋውን ከፍ አድርጌ ካቆየሁት መንቀጥቀጡ የረሳውን ዕቃ ሊወስድ እንደተመለሰ እንግዳ ከች ይላል። በመርጋቱና በመመለሱ መካከል ያሉኝ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ከአራት ዓመት ወዲህ የምቀድሰው እነዚያን ሰከንዶች ይዤ ነው።

ዕድሜዬ 78 ነው። በላቲን ሥርዓት የማገለግል የካቶሊክ ካህን ነኝ። የምንመራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው የቀኖና ሕግ፣ ቆሞስ፣ ማለትም የአጥቢያ መሪ ካህን፣ 75 ዓመት ሲሞላው መልቀቂያውን ለጳጳሱ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ጻፍኩ፤ ተቀበሉኝ። የለቀቅሁት ቁምስናውን እንጂ ክህነቱን አይደለም። ሰዎች "አባ ጡረታ ወጡ" ሲሉ ግን አልከራከርም፤ ቁልፉን፣ ማኅተሙንና ሒሳቡን ማስረከብ እንደሆነ ደስ ይላል። አሁን የምኖረው በወላይታ፣ ከሶዶ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት እቀድሳለሁ፤ ቅዳሜ ኑዛዜ እሰማለሁ፤ ከተጠራሁ ሕመምተኛ እጠይቃለሁ። ሥራው ያው ነው፤ ያረጀው መሣሪያው ነው።

ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በክኒን ነው። ሌቮዶፓ ይባላል። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመነጩትን የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይገድላል፤ ክኒኑ አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጥና የጎደለውን ለጥቂት ሰዓት ይሞላል። የሞቱትን ግን አያስነሣም። ከዋጥኩት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ግንድ ተጋድሜ እጠብቀዋለሁ። የጠዋቱን ጸሎት የምደግመው ያን ጊዜ ነው። ድሮ ሰዓቴን እያየሁ አሳልፈው ከነበረው መዝሙረ ዳዊት አሁን አንዷ ቁጥር ላይ ቆሜ ሌላዋን እረሳታለሁ። ጸሎትህ ተሻሻለ ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ዘገየ ግን።

ክኒኑ ምግብ ይመርጣል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ፕሮቲናቸው መንገድ ይሻማዋል፤ ሽሮም ከአተርና ከባቄላ ስለሆነ አያዝንለትም። ደግነቱ የወላይታ ልጅ ቆጮ አያጣም፤ ቆጮ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ክኒኑን አይጋፋም። ከእኛ በፊት የነበሩት ካህናት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ጾመው ይቀድሱ ነበር። ዛሬ የቁርባን ጾም አንድ ሰዓት ነው፤ እሱም ለአረጋውያንና ለሕሙማን ግዴታ አይደለም። እኔም ቆጮዬን ቀምሼ እቀድሳለሁ። አንድ ሰሞን ክኒኑ ከፋርማሲ ሁሉ ጠፍቶ አንዱን ለሁለት እየገመስኩ ስውጥ፣ ቆጮውም ጸሎቱም ብቻቸውን እንደማያስነሡኝ ተረዳሁ። ያን ሳምንት አልቀደስኩም።

ሰውነቴ ሲፈታታ አብሮኝ የሚኖረው የእህቴ የልጅ ልጅ ያለብሰኛል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። "አባ፣ ክንድዎን ይስጡኝ" ይላል፤ እሰጠዋለሁ። ከክፍሌ እስከ መቅደሱ ያለው መንገድ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው በሩ ነው። ይህ ሕመም ጠባብ ቦታ ላይ እግርን መሬት ላይ ይቸነክራል። ልብ "ሂድ" ይላል፣ እግር አይሰማም። ጉልበት አይፈታውም፤ የሚፈታው የሚሻገሩት ነገር ማግኘት ነው። ልጁ ከዘራዬን ደፉ ላይ ያጋድመዋል፤ ሜዳውን እምቢ ያለ እግር ከዘራውን አይቶ ይሻገራል። እሑድ እሑድ ደግሞ ከበሮ አለ። እግሬ ምት ከያዘ አይቆምም። ከበሮ መቺው ይህን ስላወቀ፣ መጀመሪያ እግሬን ሳያይ አይመታም።

የእጄን ጉዳይ ያስተማረኝ ግን አንድ ክፉ ጠዋት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ በተሾምኩበት ቀን የተሰጠችኝን ቀላል ጽዋ ይዤ፣ እንደ ልማዴ ከራሴ በላይ አነሣኋትና ቆየሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ምእመን "አባ ጽዋውን ሲያነሡ ጊዜው ይቆማል" ብላኝ ነበር፤ ይህን ሙገሳ ይዤ ነበር የማቆየው። የእጄ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ጽዋዋ ጣቶቼ መካከል ተንገጫገጨች፤ ክቡር ደሙ በከንፈሯ ዞሮ ነጩ ጨርቅ ላይ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። ካቴኪስቱ ሳይጠራ መጣ፣ ተንበረከከ። ጨርቁን አጥፎ አነሣ፣ የነካውን ቦታ በውኃ አጠበ፣ ውኃውን ሰው በማይረግጠው ቦታ አፈሰሰ። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ለኔ ይሆናል ብዬ ግን አላስተማርኩትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቅዳሴውን መጽሐፍ አውጥቼ እንደ ጀማሪ አነበብኩ። በቀይ የተጻፈው ትእዛዝ ካህኑ ጽዋውን ለሕዝቡ እንዲያሳይ ያዛል። እስከ ምን ድረስ ከፍ እንደሚል፣ ምን ያህል እንደሚቆይ አንድም ቃል የለም። ከፍታውና ቆይታው የኔ ጭማሪ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ አንድ ሆነ፦ ከማደርገው ውስጥ ሥርዓቱ የትኛው ነው፣ ጌጡስ የትኛው? ከ40 ዓመት በላይ ሳላውቀው ጌጥ ስደርብ ኖሬያለሁ። ሕመሙ እያንዳንዱን እንድመዝን አስገደደኝ፤ አቅሜ ለሥርዓቱ እንጂ ለጌጡ አይበቃምና።

አሁን የምጠቀመው ሽማግሌዎቹ ካፑቺን ሚስዮናውያን የተዉትን ከባዱን ጽዋ ነው። ድሮ ሸክም ነው ብዬ ዕቃ ቤት የወረወርኩት እኔው ነኝ። ክብደቱ የእጄን መንቀጥቀጥ ይገታል፤ ሰፊው መቀመጫም አይገለበጥም። ወይኑ ትንሽ ነው። ክርኖቼን ከጎድኔ አጣብቃለሁ፣ በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ እስከ ደረቴ ብቻ አነሣለሁ፣ እጄ ሳያውቅብኝ አስቀምጣለሁ። ማቁረቡን ለአሁኑ ወጣት ቆሞስና ለሲስተሮች ተውኩ። መቆም ያቃተኝ ቀን ተቀምጬ እቀድሳለሁ፤ ቀኖናው ለታመመና ላረጀ ካህን ይህን ይፈቅዳል። ፈቃዱን ለመጠቀም ግን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሕጉ ከኔ በፊት ራርቶልኛል፤ እኔ ነኝ ለራሴ ያልራራሁት።

ስብከቴም አጠረ። ፓርኪንሰን ድምፅን ያኮስሳል፤ ክፋቱ ደግሞ ተናጋሪው አይታወቀውም። እኔ በልኩ የተናገርኩ ሲመስለኝ ሦስተኛው ወንበር አይሰማም። ስለዚህ እየጮኽኩ ነው ብዬ እናገራለሁ፤ ያኔ ልኩ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይዘለቅም። አንድ ሽማግሌ ደጀ ሰላም ላይ ይዘውኝ "አባ፣ አሁን እኮ የሚሉት ይገባናል" አሉኝ። ድሮስ? ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ያላሰብኩት ጉዳት የደረሰው ፊቴ ላይ ነው። ይህ በሽታ የፊትን ጡንቻ ያደርቃል። ውስጤ ቢስቅም ቢያዝንም ፊቴ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነው። በኑዛዜ ወንበር የተነገረ አይነገርም፤ ይህ ግን አንዲት ሴት ውጭ ለካቴኪስቱ ያለችው ነው። "አባ ተቀይመውኛል፤ አንድም ጊዜ ፊታቸው አልፈታም" ብላ መምጣት ተወች። ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ንስሐ ስሰማ የሠራሁት በቃል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና አፌን ሳልከፍት ፊቴ ምሕረቱን ይጀምርልኝ ኖሯል። እሑድ ከስብከት በኋላ ለሕዝቡ ነገርኩ፦ "ፊቴ ታሟል እንጂ አልተቆጣሁም። ፊቴን አትዩ።" አሁን ተነሳሒ ሲቀመጥ በቅድሚያ "እንኳን መጣህ"፣ "እንኳን መጣሽ" እላለሁ። ድሮ ፊት የሚለውን ዛሬ አፍ ይበል። ሴትየዋ ተመልሳለች።

ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ ያወቅሁት ደግሞ ከሐኪም አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ እርጅና ነው ብሎ የቫይታሚን መርፌ ወግቶ ሰደደኝ። አዲስ አበባ ሄጄ የነርቭ ሐኪም እስኪያየኝ አንድ ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሙሽራ የጥምቀት ማስረጃ ፈልጋ የመጣችው። ቆሞሱ "ያጠመቋት እርስዎ ነዎት፤ ጽሕፈትዎን የሚያውቁት እርስዎ" ብሎ መዝገቡን ጭኔ ላይ አኖረልኝ። የሙሽራዋ ስም በደልዳላ ፊደል ተጽፏል፤ ከመስመር እስከ መስመር የሞላ። ማስረጃው ከተጻፈ በኋላ ዝም ብዬ ገጹን ወደ ቅርብ ዓመታት ገለጥኩ። ፊደሎቹ እያነሱ ሄዱ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። የአባት ስም ጋ ሲደርስ ይበልጥ ይጠባል፣ የክርስትና አባት ጋ ሲደርስ ጉንዳን ያክላል። ጽሕፈት ማነስ ከፓርኪንሰን ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ነው። ማንም ሳያየኝ፣ እኔም ሳላይ፣ በሽታዬን በሰው ልጆች ስም ስመዘግበው ኖሬያለሁ። ለካ ዕጣኑም እንዲያው ነበር። ሽታው ከጠፋብኝ ቆይቷል፤ እኔ ግን የዘመኑ ዕጣን ረከሰ እያልኩ ነጋዴውን እወቅስ ነበር።

ስለ እርጅናና ስለ ሥራ ሳስብ ሁለት ሊቃነ ጳጳሳት ይመጡብኛል። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ይህንኑ የኔን ሕመም ታመው እስከ መጨረሻው መንበራቸው ላይ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በትንሣኤ ዕለት መስኮት ላይ ወጥተው ሊናገሩ ሞከሩ፣ ድምፅ እምቢ አለ፣ በእጃቸው ባርከው ገቡ። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፉ። በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 አቅሜ ደክሟል ብለው በፈቃዳቸው ለቀቁ። ወጣት ካህናት ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም እሆናለሁ። ጽዋውን አልለቅም፤ ማቁረቡን ለቅቄያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገና አዲስ ካህን ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ሚስዮናዊ ሊሞቱ ሲሉ ምስጢረ ቀንዲል እንድፈጽምላቸው ተጠራሁ። ግንባራቸውን ቀብቼ ወደ እጃቸው ስመጣ መዳፋቸውን ገልብጠው ጀርባውን ሰጡኝ። በድሮው ሥርዓት የካህን መዳፍ በሹመቱ ቀን በጳጳስ ስለሚቀባ፣ ሲታመም የሚቀባው የእጁ ጀርባ ነበር። ኩራት አልነበረም፤ ያንን የመጀመሪያውን ቅባት ማክበራቸው ነው። አልረሳሁትም።

ባለፈው የካቲት በሕሙማን ቀን ከሌሎቹ በሽተኞች ጋር እኔም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀንዲል ለሚሞት ብቻ አይደለም፤ በብርቱ ለታመመና ላረጀም ነው። ስንቱን "አይፍሩ፣ ሊሞቱ አይደለም" ብያለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ግን ፈራሁ። ወጣቱ ቆሞስ ዘይቱን ይዞ መጣ። ግንባሬን ቀባኝ። እጄን ስዘረጋ ሳላስበው ጀርባውን ሰጠሁት። የድሮውን ልማድ አያውቅም፤ ቀስ ብሎ ገለበጠው። ተውኩት። መዳፌ ሥራ ፈትቶ አየር ላይ ስለዋለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስኪረጋ ትንሽ ጠበቀ፤ አልረጋም። ያኔ ግራ እጁን ከሥር አስገብቶ የኔን እጅ ተሸከመውና በቀኙ ቀባኝ።

ስንት ሺህ እጅ ቀብቻለሁ። ሁሌም ከላይ ነበር፤ ጣቴን ነክሬ፣ አስነክቼ፣ ወደሚቀጥለው። የሕመምተኛ እጅ ከሥር የሚይዘው እንደሚፈልግ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ለቆሞሱ ነገርኩት፦ "ያችን ነገር እንዳትተዋት።" "የቷን?" አለኝ። ሲያደርጋት አላስተዋላትም ነበር።

በሳምንቱ አንዲት እናት ታመው ተጠራሁ። ልጁ ዘይቱን ያዘልኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ ግራ እጄን ከእጃቸው ሥር አስገባሁ፣ ቀኜን ዘረጋሁ። ረጋ።