የእናት ወገን ምስክር

የዓሣን ዝርያ ለይቶ ማወቅ ከጥንት ጀምሮ የዐይንና የጣት ሥራ ነበር፤ መርማሪው በጎኑ መሥመር ላይ ያለውን ቅርፊት ይቈጥራል፣ የጢሙን ርዝመት ይለካል፣ የከንፈሩን ውፍረት ይመለከታል፣ ከዚያም የቀደሙት ሊቃውንት ከጻፉት ጋር አስተያይቶ ስሙን ይወስናል። ይህ ጥበብ ዛሬም አልተሻረም፤ ነገር ግን መልካቸው አንድ ሆኖ ትውልዳቸው የተለያየ፣ ደግሞም መልካቸው ተለያይቶ ትውልዳቸው የተቀራረበ ዓሦች በየወንዙና በየሐይቁ ስላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የካናዳው ሊቅ ፖል ሄበርት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሌላ ምስክር እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ።

ምስክሩ በሕዋስ ውስጥ በሚቶኮንድሪያ የሚገኝ ሲኦአይ የተባለ ዘረ መል ሲሆን፣ ከርሱ 650 ያህል ፊደላት ይነበባሉ፤ ሥራውም የዲኤንኤ ባርኮድ ይባላል። አንድ ዳዊት ከአባት መጽሐፉ ሲገለበጥ የጸሐፊው ግድፈት ከቅጂ ወደ ቅጂ እየተላለፈ የመጻሕፍቱን ዝምድና እንደሚገልጥ፣ በዚህም ዘረ መል ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ አልፎ አልፎ የሚለወጠው ፊደል የትውልዱን ሐረግ ይገልጣል።

የምስክሩ እውነተኛነት ግን ከላቦራቶሪው በፊት፣ በውሃው ዳር ይወሰናል። ዓሣው እንደ ተያዘ ግራ ጎኑ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከቀኝ የደረት ክንፉም ትንሽ ቁራጭ ተወስዳ በ95 ከመቶ አልኮል ውስጥ ትቀመጣለች፤ ግራው ግን ለኋለኛው መርማሪ ሳይነካ ይቀራል። ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲታለፍ መቀሱ ካልተጠረገና በእሳት ካልተለበለበ፣ የፊተኛው ሥጋ በኋለኛው ላይ በሐሰት ይመሰክራል። ፎርማሊን ገላን ከመበስበስ ቢጠብቅም ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ፣ ዓሣው ወደ ፎርማሊን የሚገባው ቁራጩ ከተወሰደ በኋላ ነው። ገላውና ቁራጩ አንድ ቁጥር ካልያዙም፣ የተነበበው ፊደል የማን እንደ ሆነ የሚያረጋግጥ አይገኝም።

ንባቡ ሲመጣ፣ በአንድ ስም በሚጠሩ ዓሦች መካከል ከመቶ 2 ያህል የፊደል ልዩነት ከታየ መርማሪው ኅቡእ ዝርያ መኖሩን ይጠረጥራል። ኤንቴሮሚየስ ከሚባሉት ትናንሽ የአፍሪቃ ዓሦች መካከል አንድ ዝርያ ይመስሉ የነበሩት፣ በኬንያ ወንዞች ሲመረመሩ ብዙ የተለያዩ ሐረጎች ሆነው ተገኝተዋል።

ጣና ግን ይህን መመዘኛ ይፈትነዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ በለየው በዚህ ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዱ ሌላ ዓሣ እያደነ ይበላል፣ ኔድጂያ የተባለው ደግሞ በወፍራም ሥጋማ ከንፈሩ ይታወቃል፣ ሌሎቹም በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። መልካቸውና ኑሯቸው እንዲህ ተለያይቶ ሳለ የሚቶኮንድሪያቸው ፊደል እጅግ ስለሚቀራረብ፣ ባርኮዱ አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም፤ ምክንያቱም የተለያዩበት ዘመን ቅርብ ነው፣ ይህም ዘረ መል የእናትን ወገን ብቻ ስለሚናገር ከአባት የመጣውን ውርስ አያሳይም።

ስለዚህ ባርኮዱ «ልዩ ናቸው» ባለ ጊዜ መርማሪው ወደ ገላው ተመልሶ ቅርፊቱን እንደ ገና ሊቈጥር፣ «አንድ ናቸው» ባለ ጊዜም ፍርዱን ሳያጸድቅ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰውን የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ጥንቃቄ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም፤ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰቡት ዓሦች በመረብ በብዛት ይያዛሉና፣ 15ቱ በመዝገብ አንድ ዝርያ ተብለው ቢጻፉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ ምንም እንዳልጐደለ ያሳያል፣ ጠፊውን የሚጠብቅ ደንብም ለማውጣት ምክንያት አይገኝም።