ጎማ የሚያነብ መዳፍ

ቢሾፍቱ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ሳይክል በአንድ ቀን የማይረግጠው መሬት የለም። ከዱከም ወደ ሞጆ የሚያልፈው አሮጌው አስፋልት አለ፤ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን አለ፤ ወደ ሐይቆቹ የሚያወርደው ጠጠር አለ፤ በከተማዋ ዙሪያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚወጣው ስለታም ቀይ ድንጋይም አለ። ሁሉም ጎማ ይበላሉ፣ አበላላቸው ግን ይለያያል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ጎሚስታ ሲሠራ ቆሜ ማየት እወዳለሁ።

ጥሩ ጎሚስታ ብሎን ከመንካቱ በፊት ጎማውን በእጁ ያያል። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው ያቆምና ጎማውን በቀስታ እያዞረ መዳፉን ጥርሱ ላይ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ያስኬዳል። እጁ ወደ አንዱ አቅጣጫ ተንሸራቶ ሲመለስ ከተያዘ፣ ጥርሶቹ በአንድ ጎን ተስለዋል ማለት ነው፤ የፊት ጎማ ላይ ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ፍሬን ነው። የኋላው መሐሉ ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ ዳር ዳሩ ጥርሱን እንደያዘ ከሆነ፣ ወይ ንፋስ በዝቶበታል፣ ወይ ባለቤቱ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ነው የሚውለው። ደንበኛው አፉን ሳይከፍት አነዳዱ ታወቀ።

ከዚያ የጎማው ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም «ቲ ደብልዩ አይ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጋል። በምልክቱ ትይዩ፣ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ፣ ዝቅ ያለች ጉብታ አለች፤ በብዙ የሞተር ጎማዎች ላይ ከፍታዋ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥርሱ አልቆ ከእሷ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው ጨርሷል። የፋብሪካው ሰው ዕቃው የሚጣልበትን ልክ ገና ሲሠራው ቀርጾበት ይሸጠዋል፤ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ዕቃ ብዙ አላውቅም።

ጥርስ ብቻውን ግን አያስተማምንም። ቆሞ የሚውል ሞተር ጎማውን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ጎሚስታው ጎኑን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ፀጉር የሚያካክል ስንጥቅ ይከፈት እንደሆነ ያያል፣ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩትን አራት አኃዞችም ያነባል። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ይለጥፉልኝ» ይላል ሞተሩን ያመጣው ልጅ፤ የሚተዳደረው በዚያ ሞተር ነው፣ አዲስ ጎማም ርካሽ አይደለም።

«ቀዳዳውን እለጥፈዋለሁ የኔ ልጅ። ይኸንንስ በምን ልለጥፈው?» ብሎ ብቅ ያለውን ክር በጥፍሩ ያሳየዋል።

ሙልጭ ያለ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ እምብዛም አያሳጣም፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። ጥርስ የተሠራው ውሃ ገፍቶ እንዲያስወጣ ነውና ጉዱ የሚወጣው ሐምሌ ላይ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው። ለጥፎ ገንዘቡን መቀበል እየቻለ «አይሆንም» የሚል ባለሙያ ለኔ ከሁሉ ይበልጣል።

አዲሱ ሲመጣ ጎኑ ላይ ያለችውን ቀስት ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር ያስማማል፤ ቀላል ወገኑን የምታሳይ ነጥብ ካለችው እሷን ወደ ቫልቩ ያመጣል። የውስጡን ጎማ ዱቄት ቀብቶ፣ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፋስ ሰጥቶ ያስገባዋል፤ ባዶውን የገባ ይታጠፋል። የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውሃ ያርሳል፤ በጎማ መፍቻ ብረቱ ጥቂት ጥቂት እያነሳ ሲያስገባ ተቃራኒውን ወገን በጉልበቱ ተጭኖ ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ መሐል ያወርደዋል። የመጨረሻዋን ስንዝር በመዳፉ ይጨርሳታል፤ እዚያ ላይ በብረት የቸኮለ ሰው አዲሱን የውስጥ ጎማ ይነክሰዋል። ንፋስ ሞልቶ፣ የተጨማደደው እንዲፈታ መልሶ አስተንፍሶ፣ እንደገና ይሞላል። ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ዙሪያውን የምትሄደው ቀጭን መስመር በሁሉም ቦታ እኩል ካልወጣች እንደገና ያስተነፍሳል። ቫልቩም ቀጥ ማለት አለበት፤ ካዘነበለ የውስጡ ተንሸራቷል።

ልጁ ሊያስነሳ ሲል ትከሻውን ይዞ ያቆመዋል፦ «ላዩ ገና ያንሸራትታል። መንገድ እስኪፍቀው ድረስ ኩርባ ላይ ሞተሯን አታጋድማት፤ ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ንፋሷን መጥተህ አስለካ።»