የማን መልክ? ፎቶግራፍና የመተማ እንግዶች

ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 እትሙ፣ ለአሥርት ዓመታት ሌሎችን ሕዝቦች ያቀረበበት መንገድ ዘረኛ እንደነበር አመነ። ማኅደሩን የመረመሩት የታሪክ ምሁሩ ጆን ኤድዊን ሜሰን ናቸው። የሩቅ አገር ሰው ብዙ ጊዜ የታየው እርቃኑን፣ እንደ ብርቅ ነገር ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ጥያቄው ወደ እኛም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ዮሐንስ የገቡትን ሰዎች ፎቶግራፍ በሰልፍና በሻንጣ ብቻ ካሳየን፣ በካርቱም መምህር ወይም ነጋዴ የነበረውን ሰው ይሰውርብናል። በዚያው ቆላ የሚኖረውን ጉሙዝ በተልእኮ መጽሔታችን ላይ ቀስት ብቻ አስይዘን ብናወጣውም በደሉ ያው ነው። ርኅራኄ መቀስቀሱ ምስሉን እውነተኛ አያደርገውም።

ዘፍጥረት 1፥27 የእግዚአብሔርን መልክ ለደገኛ ብቻ አልሰጠም። እንግዲህ ከማተማችን በፊት እንጠይቅ፦ ይህን ፎቶግራፍ በሰውየውና በልጆቹ ፊት ሳናፍር ልንዘረጋው እንችላለን?